ንግግር ለመተንተን የትኛው ይሻላል? ሦስቱ ማሳመኛዎች፣ አምስቱ ክፍሎች ወይስ የክርክሩ ጭብጥ

«ይህን ንግግር ተንትን» የተባለ ተማሪ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። ተናጋሪው ስለ ራሱ ያወራበትን ቦታ ኤቶስ ይለዋል። አንጀት የሚበላውን ፓቶስ ይለዋል። ቁጥርና ማስረጃ ያለበትን ደግሞ ሎጎስ። ሦስት አንቀጽ ይጽፋል፣ ያስረክባል፣ ተገላገለ። ይህ ግን ስም መለጠፍ ነው። ንግግሩን አንድ ጊዜ ያዳመጠ ሰው ከዚያ ወረቀት የሚያገኘው አዲስ ነገር የለም።

ጥፋቱ ሦስቱን ማሳመኛዎች ያስተማረው የግሪኩ ፈላስፋ የአርስቶትል አይደለም። ጥያቄው ሳይታወቅ መሣሪያው ስለሚመረጥ ነው። ከጥንት ግሪክና ሮም የወረስናቸው የመተንተኛ መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄም ይለያያል። አንዱ «ይህን አድማጭ ምን ያሳምነዋል?» ይላል። ሌላው «ንግግሩ እንዴት ተሠራ?» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ለመሆኑ የሚከራከሩት በምን ላይ ነው?» ብሎ ይነሣል። የእናንተ ጥያቄ የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ ወስኑ፤ ከዚያ በኋላ ምርጫው ቀላል ነው።

ለማነጻጸር እንዲመቸን አንድ ንግግር ይዘን እንቆይ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1936) ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ያደረጉትን። ንጉሡ ሊናገሩ ሲነሡ የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት አዳራሹን አናወጡት። እነሱ እስኪወጡ ዝም ብለው ጠበቁ። ፈረንሳይኛ እያወቁ በአማርኛ ተናገሩ። ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሦስቱ ማሳመኛዎች፦ አድማጩ ከታወቀ

አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት እንዳስተማረው፣ ንግግር የሚያሳምነው በተናጋሪው ማንነት (ኤቶስ)፣ በአድማጩ ስሜት (ፓቶስ) እና በሙግቱ (ሎጎስ) ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያውቃል። የሚዘለለው የሦስቱ ውስጥ ነው።

ኤቶስን እንውሰድ። ብዙ ሰው ኤቶስን ከዝና ጋር ያምታታዋል። አርስቶትል የሚያወራው ግን በንግግሩ ውስጥ ስለሚገነባው አመኔታ ነው። ለዚህ አመኔታ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ ማስተዋል፣ መልካም ጠባይና ለአድማጭ በጎ ማሰብ። ጄኔቫ ላይ ሦስተኛውን ፈልጉት። ንጉሡ ጉዳዩ የአንዲት ኢትዮጵያ ብቻ እንዳልሆነ ተናገሩ። የጋራ ደኅንነት ጉዳይ ነው አሉ፤ የማኅበሩ የራሱ ህልውና፣ አገሮች በዓለም አቀፍ ውል ላይ ያላቸው እምነት። አዳራሹ ውስጥ ለተቀመጠ የትንሽ አገር መልእክተኛ ይህ «ነገ በአንተም ነው» እንደማለት ነው። አቤቱታ አቅራቢው በዚያች ቅጽበት ለአድማጩ አሳቢ ሆኖ ተገኘ። ወረቀታችሁ ላይ መግባት ያለበት ይህ ነው። «ንጉሥ ስለሆኑ ኤቶስ አላቸው» የሚለው ምንም አይነግረንም።

ሎጎስም እንደዚያው ነው። አርስቶትል የንግግር እምብርት ያለው ኤንቲሜምን ነው፤ አንዱ ክፍሉ ሳይነገር የሚቀር ሙግት። ንጉሡ የጀመሩት ለሕዝባቸው የሚገባውን ፍትሕና ከስምንት ወር በፊት ቃል የተገባለትን እርዳታ ሊጠይቁ መምጣታቸውን በመናገር ነው። ያን ጊዜ ሃምሳ መንግሥታት ውል ፈርሶ ወረራ ተፈጽሟል ብለው ነበር። በዚያ መክፈቻ ውስጥ «ቃል የሰጠ ቃሉን ይጠብቅ» የሚል ነገር የለም። አያስፈልግም፤ አድማጩ ራሱ ይሞላዋል። ራሱ የሞላውን ደግሞ መልሶ መካድ ይከብደዋል። ስለዚህ ሎጎስ ስትፈልጉ የተባለውን ብቻ አታስምሩ፤ ሳይባል የታለፈውን ጻፉ።

አንድ ነገር ልጨምር። አርስቶትል ተናጋሪው ራሱ የሚፈጥረውን ማስረጃ ከውጭ ከሚያመጣው ይለያል። ሕግ፣ ምስክር፣ ውል፣ በግርፋት የተገኘ ቃልና መሐላ ከውጭ የሚመጡ ናቸው። በወራሪ ላይ ማዕቀብ እንዲጣል የሚያዘው የማኅበሩ ቃል ኪዳን አንቀጽ 16 እዚህ ይገባል። አንቀጹን መጥቀስ ችሎታ አይደለም፤ ሰነዱ እዚያው አለ። ችሎታው ሰነዱን ምን እንደሚያሠሩት ላይ ነው።

ፓቶስ ላይ ደግሞ አርስቶትል ከሁሉም ይበልጥ ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚበላሸውም እሱ ነው። «ስሜት ይቀሰቅሳል» ማለት ምንም ማለት አይደለም። የትኛውን ስሜት? አርስቶትል ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ኀፍረትን፣ ሐዘኔታን፣ ቅናትንና ሌሎችንም አንድ በአንድ ይመረምራል። ለእያንዳንዱም ሦስት ጥያቄ ያቀርባል፦ በምን ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ይሰማዋል? በማን ላይ? በምን ምክንያት? ለምሳሌ ፍርሃት የሚመጣው አደጋው ቅርብ ሲመስል ነው ይላል። ሰው ሁሉ እንደሚሞት ያውቃል፤ ሞት ሩቅ ስለሚመስለው ግን አይጨነቅም።

አሁን ጄኔቫን እዩት። ንጉሡ የመርዝ ጋዙን ሲገልጹ ዘጠኝ፣ ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ስምንት እየሆኑ ስለሚከታተሉ አውሮፕላኖች ተናገሩ። ጭጋጉ እንዳይቋረጥ ተከታትለው ይረጩ ነበር። ወታደሩ፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ከብቱ፣ ወንዙና የግጦሽ መሬቱ ሁሉ ተነከረ። ይህ ፍርሃት ነው? ለመልእክተኞቹ አደጋው ሩቅ ነው፤ ከፍርሃት ይልቅ ሐዘኔታ ይቀርባል። ከሐዘኔታውም በኋላ ኀፍረት ይመጣል፤ እርዳታ ተስፋ የሰጡት ሰዎች እዚያው ተቀምጠዋልና። ይሉኝታ የሚይዘው ሰው ፊት ለፊት ሲያዩት ነው። ንግግሩ የተዘጋጀው ይህን ለመንካት ይመስለኛል።

የዚህ መንገድ ድክመትስ? እ.ኤ.አ. በ1925 ኸርበርት ዊቸልንስ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር የንግግር ሂስ የሚያተኩረው በውጤት ላይ ነው ብሎ ጻፈ፤ ንግግሩ በዚያ አድማጭ ላይ ምን አደረገ? ከዚያ ወዲህ ለአርባ ዓመት ያህል አሜሪካ ውስጥ የአርስቶትል መንገድ ዋናው ሆኖ ቆየ። በዚህ ሚዛን ጄኔቫ ወደቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ማኅበሩ በጣልያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሣ። ንግግሩ ግን ዛሬም ይጠቀሳል። «አልሠራም» ብሎ መዝጋት ያስቸግራል።

ሌላው አሜሪካዊ ምሁር ኤድዊን ብላክ እ.ኤ.አ. በ1965 ይህንኑ ስንጥቅ አሳየ። ያነሣው ጆን ጄይ ቻፕማን በ1912 ኮትስቪል፣ ፔንሲልቬኒያ ያደረገውን ንግግር ነው። ከዓመት በፊት እዚያች ከተማ አንድ ጥቁር ሰው በደቦ በእሳት ተቃጥሎ ተገድሏል። ቻፕማን ቦታ ተከራይቶ የጸሎት ስብሰባ ጠራ። የመጡት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ናቸው። በውጤት ከለካችሁት ባዶ ነው። ብላክ ግን የንግግሩን አድማጭ ከዚያ ክፍል ውጭ፣ ከዚያ ዘመንም በኋላ ፈለገው። ስለዚህ የንግግሩ ትክክለኛ አድማጭ አዳራሹ ውስጥ ካልነበረ፣ ሦስቱን ማሳመኛዎች ብቻቸውን አትመኑባቸው።

አምስቱ ክፍሎች፦ አሠራሩን ማየት ሲያስፈልግ

ሮማውያን የንግግርን ሥራ በአምስት ከፈሉት፤ ሐሳብ ማግኘት፣ ማደራጀት፣ ቋንቋ፣ በቃል መያዝና አቀራረብ። ሲሴሮም ኩዊንቲሊያንም በዚህ ይሠሩበታል። አመለካከቱ የተናጋሪ ነው፤ ንግግር የሚያዘጋጅ ሰው ደረጃ በደረጃ ምን ያደርጋል? ስለዚህ ንግግር ለሚጽፍ፣ ለሚያሠለጥን ወይም ረቂቆች በእጁ ለገቡለት ሰው ከሌሎቹ ይመረጣል።

የመጀመሪያው ክፍል ከአርስቶትል ሦስቱ ጋር ይደራረባል፤ እዚያ ብዙ አትቆዩ። በቃል መያዝን ወረቀት የሚያነብ ወይም ስክሪን የሚያይ ተናጋሪ ላይ ዝለሉት። ጥቅሙ ያለው በማደራጀትና በአቀራረብ ላይ ነው።

ማደራጀት ላይ ሮማውያን መግቢያ፣ ትረካ፣ የነጥቦች ክፍፍል፣ ማስረገጫ፣ ማፍረሻ፣ መደምደሚያ የሚል ሥርዓት ነበራቸው። መደምደሚያው የተባለውን ሰብስቦ ስሜትን የሚያነሣበት ቦታ ነው። ጄኔቫ ግን በጥያቄ ነው ያለቀው፤ ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ? የሚል። መደምደሚያውን ለአድማጩ ተወለት። ይህን የምታዩት የተለመደውን ሥርዓት አጠገቡ ስታስቀምጡት ነው። ሊንከን ጌቲስበርግ ላይ በ1863 ያደረገው ከሦስት መቶ ቃል ያነሰ ንግግርም በዚህ መንገድ ጥሩ ይነበባል። ከአባቶች ይጀምራል፣ ወደ ጦር ሜዳው ይመጣል፣ ወደ በሕይወት ያሉት ግዴታ ይሻገራል። ከሱ በፊት ኤድዋርድ ኤቨረት ለሁለት ሰዓት ያህል ተናግሮ ነበር። (የኤቨረትን ዛሬ ማን ያነበዋል?)

አቀራረብን ለመተንተን ቀረጻ ያስፈልጋል። ደግሞ ከየትኛው ጽሑፍ እንደምትነሡ አጣሩ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ኦገስት 28 ቀን 1963 ዋሽንግተን ላይ ሲናገር ያ ስለ ሕልም የሚያወራው ክፍል በተዘጋጀው ጽሑፍ ውስጥ አልነበረም። ንግግሩን እያደረገ ከወረቀቱ ወጣ። የተዘጋጀውን ረቂቅ ይዞ የሚተነትን ሰው ዓለም የሚያስታውሰውን ክፍል ጨርሶ አያገኘውም። በትርጉም የምታነቡትን ንግግር ደግሞ የቋንቋውን ክፍል ተዉት። የምትተነትኑት የተርጓሚውን ብዕር ይሆናል።

የክርክሩ ጭብጥ፦ ክስና መልስ ባለበት ሁሉ

ይህኛው ሲጠቀሙበት ብዙም አላይም፤ ያሳዝናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት ሄርማጎራስ የተባለ ግሪካዊ ያደራጀው ነው፤ ስሙ ስታሲስ ይባላል። ፍርድ ቤት የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ዳኛ ጭብጥ የሚይዘው በዚሁ መንፈስ ነው። ጥያቄዎቹ አራት ናቸው። ድርጊቱ ተፈጽሟል? ምን ተብሎ ይጠራል? ምን ያህል ከባድ ነው፣ ምክንያትስ አለው? ይህን የማየት ሥልጣን የማን ነው?

ተከሳሽ ከአንዱ ሲሸነፍ ወደሚቀጥለው ያፈገፍጋል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ከሞኒካ ሌዊንስኪ ጋር ስለነበረው ግንኙነት ኦገስት 17 ቀን 1998 በቴሌቪዥን የተናገረውን ይዛችሁ ሞክሩት። ከአራት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ ግን አራቱም አሉበት። የመጀመሪያውን ጥያቄ ለቀቀ፤ ተገቢ ያልሆነ ግንኙነት እንደነበረው አመነ። ሁለተኛው ላይ ቆመ፤ ቀድሞ የሰጠው መልስ በሕግ ደረጃ ትክክል ነበር አለ፣ ያልተጠየቀውን ግን በራሱ ፈቃድ አልተናገረም። ሦስተኛው ላይ ስህተቱን ተቀበለና ምክንያት ጨመረ፤ ራሱን ከኀፍረት፣ ቤተሰቡን ከጉዳት መጠበቅ። ከዚያ ወደ አራተኛው ዞረ። ጉዳዩ በእሱ፣ በቤተሰቡና በአምላኩ መካከል ነው፤ ምርመራው በዝቷል፣ ፕሬዚዳንትም የግል ሕይወት አለው። የሕግ ሰዎች ይህን መቃወሚያ ይሉታል።

በኤቶስ፣ ፓቶስና ሎጎስ ብትሄዱበት «ይቅርታ ጠየቀ፣ ቤተሰቡን አነሣ» ብላችሁ ትቀራላችሁ። በጭብጥ ስታዩት ግን ንግግሩ መሬት እየለቀቀ ወደ ኋላ የሚሸሽ ክርክር ይሆናል። ይቅርታው ለብዙዎች ለምን ጎዶሎ ሆኖ እንደተሰማቸውም ይገለጣል፤ ያመነው ሰውዬ በመጨረሻ ጠያቂዎቹን ከሷል።

ጄኔቫ ላይስ? ወረራ ተፈጽሟል? ማኅበሩ ራሱ ፈርዶበታል። ስሙስ? እሱም ተወስኗል። እንግዲህ ምን ቀረ? እዚህ ላይ የአርስቶትልን የንግግር ዓይነቶች ብትጨምሩበት ነገሩ ይበራል። የፍርድ ቤት ንግግር ያለፈውን ያያል፣ ሚዛኑ ፍትሕ ነው። የምክር ንግግር የሚመጣውን ያያል፣ ሚዛኑ ጥቅም ነው። (ሦስተኛው፣ የሙገሳና የወቀሳ ንግግር፣ እዚህ አያስፈልገንም።) ንጉሡ በመክፈቻቸው የጠየቁት ፍትሕ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ትልልቅ መንግሥታት ግን ሙሶሊኒ ወደ ሂትለር እንዳይጠጋ እያሰሉ ነበር። አንዱ ችሎት ፊት ቆሟል፤ ሌላው ምክር ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ንጉሡም ይህን የተረዱ ይመስላል፤ የጋራ ደኅንነትን ያነሡት ፍትሑን ወደ ጥቅም ለመተርጎም ነው። ለትንንሾቹ አገሮች ይህ ይበቃ ነበር። ሥልጣኑ ያላቸው ግን ትልልቆቹ ናቸው። ንግግሩ ለምን እንዳልተሳካ ሳይሰደብ የሚገለጸው በዚህ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከጥንቱ መውጣት ሲያስፈልግ

ሁለት የኋላ ዘመን መሣሪያዎችን በአጭሩ። ሎይድ ቢትዘር በ1968 ንግግር የሚወለደው ከሁኔታ ነው አለ፤ መፍትሔ የሚሻ ችግር፣ ያንን ሊለውጥ የሚችል አድማጭና ተናጋሪውን የሚያስሩ ገደቦች። ለብቻው ቀጭን ነው። ለትንተናችሁ መግቢያ ግን ይመቻል፤ በተለይ «ሊለውጥ የሚችል አድማጭ» የሚለው። የሰማ ሁሉ አድማጭ አይደለም።

ሌላው የኬኔት በርክ ነው፤ ድርጊት፣ መቼት፣ ባለድርጊት፣ ማድረጊያና ዓላማ። ተናጋሪው የትኛውን እንዳገነነ ትጠይቃላችሁ። የሚታወቀው ምሳሌ የአሜሪካው ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ በጁላይ 1969 ያደረገው ንግግር ነው። ከሳምንት በፊት መኪናው ከድልድይ ወድቆ አብራው የነበረች ወጣት ሞታለች፤ ለፖሊስ ያሳወቀውም በማግስቱ ነው። ዴቪድ ሊንግ በ1970 እንዳሳየው መቼቱ ሁሉን ዋጠው። ያልበራው መንገድ፣ መከላከያ የሌለው ጠባብ ድልድይ፣ ቀዝቃዛው ውሃ፣ ኃይለኛው ሞገድ። ሰውዬው የሁኔታ ሰለባ ሆኖ ይታያል። ተናጋሪው ታሪክ የሚተርክ ከሆነ በርክን ምረጡ። ሙግት የሚደረድር ከሆነ አያዋጣም።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ እመርጥ ነበር። ሁለት ገጽ የቤት ሥራ ከሆነና ንግግሩ ተራ የፖለቲካ ንግግር ከሆነ፣ ሦስቱን ማሳመኛዎች፤ ሦስቱንም ግን አይደለም። ንግግሩን የተሸከመውን አንዱን መርጬ ውስጡ እገባለሁ። ክስ፣ ይቅርታ ወይም ማስተባበያ ከሆነ ያለ ምንም ማቅማማት ጭብጥ። ቀረጻና ረቂቅ ካለ አምስቱ ክፍሎች፤ እሱም ማደራጀትና አቀራረብ ላይ ብቻ። የመመረቂያ ጽሑፍ ከሆነ መጀመሪያ ጭብጡን እይዛለሁ፣ ከዚያ በተገኘው ጭብጥ ላይ ማሳመኛዎቹን አስገባለሁ። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡት የምትሰበስቡት ኤቶስና ፓቶስ የምን ማስረጃ እንደሆነ ሳታውቁት ይከመራል።

«ጥሩ ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

መሣሪያው የማይመልስላችሁ አንድ ጥያቄ ይቀራል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ኖቬምበር 3 ቀን 1969 ስለ ቬትናም ጦርነት ተናገረ፤ ድምፃቸውን ያላሰሙ ብዙኃን ያላቸውን አሜሪካውያን ድጋፍ የጠየቀበት ንግግር ነው። የንግግር ሂስ ምሁሩ ፎርብስ ሂል በአርስቶትል መንገድ ተንትኖ ለታለመለት አድማጭ በሚገባ የተመረጠ ንግግር ነው አለ። እውነት ነው ወይስ ውሸት የሚለው የዚህ ዓይነት ሂስ ሥራ አይደለም ባይ ነው። ካርሊን ኮርስ ካምቤል ደግሞ ንግግሩን በእውነትነቱና በሥነ ምግባሩ ፈተሸችው፤ እነዚህን የሚዘል ሂስ አልዋጥላት አለ። ሁለቱም በ1972 ተከራከሩ።

እኔ ወደ ካምቤል አዘነብላለሁ። ውሸትን «ውጤታማ» ብሎ ማለፍ አድማጩን የረሳ ሂስ ነው። ሂል ግን በአንድ ነገር ያሸንፋል፤ ምን እየለካ እንደሆነ ገና ሲጀምር ይናገራል። እናንተም በመጀመሪያው አንቀጽ አድማጩ ማን እንደሆነና በምን እንደምትለኩ ጻፉ። እውነትነቱን ልትፈርዱ ካሰባችሁ እዚያው አሳውቁ፤ ማስረጃውንም ከንግግሩ ውጭ አምጡ።